በአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚነሣው ዳታቤዝ

ከወልድያ የተነሣው አውቶብስ ሰቆጣ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጎማው ፈነዳ። ቢቸና ያሉትን ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱት አቶ አስማረ ወርደው ላፕቶፕ ካቀፈች ወጣት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከቤተሰባቸው ተለይተው ሰቆጣ ሲሠሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዝውውር ተፈቅዶላቸዋል፤ ኃላፊያቸው ወይዘሮ ጥሩሐረግ ግን «የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር የሚችል ሌላ ሰው ሳይኖር መልቀቂያ አልፈርምም» ብለዋል።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ሶስና እባላለሁ። የእንስሳት ክትባት መዝገብ የሚይዘው መሥሪያ ቤት መድበውኝ ነው። አንድ ሽማግሌ አሉ አሉኝ፤ መዝገቡ ያለበትን ዳታቤዝ ከሶርስ ኮድ፣ ማለት ከጥሬው የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ራሳቸው ኮምፓይል አድርገው የገነቡ፣ ሰው የማያስነኩ። ከእሳቸው ልረከብ ነው።»

ሽማግሌ የተባሉት አቶ አስማረ ገና ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቅር አላቸው፤ ግን ማንነታቸውን ደበቁ።

«ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ሥራውን ለመልመድ ዓመት ይፈጅብሻል።»

«አንድ ቀን ይበቃል። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፓኬጅ እያለ ለምን ይለፋሉ? በአንድ ትእዛዝ፣ ፕሮግራሙ ከነሚያስፈልገው ሁሉ ይጫናል።»

«ፓኬጁ የሚመጣው ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ስንት ወር ጠፍቶብን እንደነበር ሰምተሻል? ሰውዬው በፍላሽ የነበረውን ኮድ ይዞ ሦስት ቀን ታግሎ ነው ያስነሣው!»

«ያኔ ልክ ነበሩ። ዛሬስ?»

«ዛሬም ውስጡ ያለውን ያውቃል።»

«ኮዱን አንብበውታል? ከሚሊዮን መስመር በላይ ነው።»

አቶ አስማረ ያነበቡት ሁለት ገጽ መመሪያ ነው። «መግቢያውን አንብቦታል» አሉ። ሶስና ሳቀች፤ እሳቸውም ሳያስቡት ሳቁ።

«ለፕሮግራሙ የደኅንነት ማስተካከያ በወጣ ቁጥር እንደገና ኮምፓይል ያደርጋሉ?»

«ጊዜ ሲያገኝ።»

«መቼ አገኙ?»

«ካቻምና።»

«እሳቸው በሌሉበት መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ?»

ይህ ጥያቄ አመማቸው። ለአጎታቸው ተዝካር ሄደው ሳለ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዳታቤዙን ደግሞ እሳቸው ካላስነሡት አይነሣም። ከጋዝጊብላ በእግራቸው የመጡ አርቢዎች ፍየሎቻቸው መከተብ አለመከተባቸውን የሚነግራቸው አጥተው ተመለሱ። ኃላፊዋ መልቀቂያውን የከለከሏቸውም ከዚያ በኋላ ነው። የኮሩበት ሥራ ራሱ ነበር አላስወጣ ያላቸው።

«ሽማግሌው እኔ ነኝ» አሉ።

ሶስና ደነገጠች። «ይቅርታ ጋሼ! 'ሽማግሌ' ያልኩትን አንሥቻለሁ። ሌላውን ግን አላነሣም።»

«አታንሺ። ብቻ ኢንተርኔት ዳግም ቢጠፋስ?» አሁን የጠየቁት ለመርታት አልነበረም።

«ፓኬጆቹን ሁሉ በሃርድ ዲስክ ይዣለሁ። ቢሮ ይቀመጣሉ፤ መስመር ሲገኝ እናድሳቸዋለን፣ ሲጠፋ ከዚያው እንጭናለን።»

«ይህን አስቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ አፌን ባላደረቅሽኝ!»

«እርስዎስ ማንነትዎን ቢነግሩኝ ኖሮ!»

ጎማው ተቀይሮ ሰቆጣ ገቡ። በማግስቱ ቢሮ ሄደው አሮጌውን ሳይነኩ ፓኬጁን በሌላ ኮምፒውተር ጫኑ፤ ሻያቸው ሳይበርድ አለቀ። መዝገቡን ገልብጠው ሲያመሳክሩት አንዲት ፍየል አልጎደለችም። አቶ አስማረ ግን በዚህ ብቻ አላመኑም፤ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀሉ። መልሰው ሲሰኩት ዳታቤዙ ማንም ሳይነካው ተነሣ። ሦስቴ ነቀሉ፣ ሦስቴ ተነሣ።

«ይበቃል ጋሼ፣ ሊገድሉት ነው!»

ቀጥለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ወይዘሮ የሻሽወርቅን ጠርተው አንድ ገጽ መመሪያ ሰጧቸው። ወይዘሮዋ የደኅንነት ማስተካከያውን ብቻቸውን ጭነው ሲጨርሱ እልልታቸውን አቀለጡት። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ምን ተፈጠረ ብለው ሮጠው መጡ፤ አይተውም መልቀቂያውን እዚያው ቆመው ፈረሙ።

ኮምፓይል ማድረግ ሞያ ነው፤ ፓኬጅ የሌለው ነገር ሲያጋጥም ያስፈልጋል። የብዙ ሰው ኑሮ ያለበት መዝገብ ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ መንጠልጠል የለበትም። አሁን ማስተካከያው በወቅቱ ይጫናል፣ አርቢው መልሱን ይዞ ይሄዳል፣ ሠራተኛም ፈቃድ ይወጣል።

አቶ አስማረ ቢቸና ደወሉ።

«ለቀቁህ?» አሉ ባለቤታቸው ፍቅርአዲስ፣ ማመን አቅቷቸው። «ማን ሊተካህ ነው?»

አቶ አስማረ ኮምፒውተሩን ከበው የሚሳሳቁትን ሶስናንና ወይዘሮ የሻሽወርቅን አዩ።

«ማንም!» አሉ እየሳቁ። «እዚህ ቤት አሁን ማንም ይችለዋል።»