ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የተገኘ ንጹሕ ውጤት

ነይ እስቲ ልጄ፣ መስኮቱ ጋ ቁጭ በይ። ሻዩ ገና ትኩስ ነው። በሩን ተይው፣ ገርበብ ይበል፤ ነፋስ ይግባ። ወዲያኛው ክፍል ማን እንዳለ እንጃ፣ ዓይኔ ደክሟል... የሚያብረቀርቅ ጫማ ብቻ ነው ያየሁት። ቢሰሙንስ፣ ምን የሚደበቅ ነገር አለን?

ሌሊት እንቅልፍ ወሰደሽ? ከሰዓት የዶክትሬት ሥራሽን ገምጋሚዎች ፊት ለምታቀርቢው እንቅልፍ ከየት ይመጣል። ደግሞ ሰብሳቢው ማን እንደሆኑ እያወቅሽ... ዕድለኛ ነሽ እኮ። እኔው ያስተማርኳቸው ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን አንቱ ካላልኳቸው ምላሴ ይታሰራል።

ተማሪ ሳሉም ልዩ ነበሩ፤ ጫማቸው እንኳ ያኔም ያብረቀርቅ ነበር። ሌላው ሙከራውን ሠርቶ መልሱን ያገኛል፤ እሳቸው መልሱን ይዘው ነበር ወደ ሙከራው የሚገቡት። የሚያድግ ጥጃ... ተይው፣ ታውቂዋለሽ።

ይኼ ኳንተም ኮምፒውተራችን እንግዲህ ብርድ ካላገኘ የማይሠራ ፍጡር ነው። አንዴ ማቀዝቀዣው አጠገብ ባስነጥስ፣ ማስነጠሴ አየር ላይ በረዶ ሆና ቀረች፤ በሳምንቱ ነው ጠርገው ያወጧት። እንዲያ ቀዝቅዞም ይሳሳታል፣ ይንተባተባል፣ ልክ እንደኔ። አንቺም ስንት ወር አብረሽው ተንተባተብሽ፣ ስህተቱን አንድ በአንድ ለቅመሽ አስረዳሽ። ታዲያ ሰብሳቢሽ «ውጤትሽ ቆሻሻ ነው፣ ከእኔው ጋር አይገጥምም፣ አያስመርቅሽም» ቢሉ ይፈረድባቸዋል? የሳቸውን አይተሽው የለ? አንዲት ስህተት የለበትም። ከሰው ስህተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም ሲባል ነበር... እሳቸው ጋ ሲደርሱ ሁለቱም አፍረው ጠፉ።

የሚገርመኝስ ምን መሰለሽ? ያን ንጹሕ ውጤት ያገኙበት ሳምንት ማሽኑ ሆዱ ተከፍቶ ነበር። የማቀዝቀዣው ቫልቭ አፍስሶ፣ ቴክኒሻኖቹ ገመዱን ዘርግፈውት፣ እንደዚህ ሻይ ሞቆ ነበር። ምቀኛ ደግሞ አያርፍም... እሳቸው ፕሮግራሙን መጀመሪያ ተራ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን፣ ስህተት በማያውቅ ማስመሰያ ሞከሩት፤ ከዚያ ወደ እውነተኛው ማሽን የምታዞረውን አንዲት መስመር መቀየር ረሱና፣ የማስመሰያውን መልስ የማሽኑ ነው ብለው አሳተሙት ይላል። እኔ አላምንም። ይኼማ የጀማሪ ስህተት ነው፤ እሳቸው ጀማሪ ናቸው? ደግሞስ ቢሆን ኖሮ፣ እንደሳቸው ያለ ደፋር ሰው «ተሳስቻለሁ» ለማለት ይኼን ሁሉ ጊዜ ይፈጅበታል? ነገሩ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ስለሚፈራቸው ጠፍቶም ታዘዛቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ... የሳቸው ሳያድር ጠራ።

ስለዚህ ልጄ፣ አደራሽን፣ ከሰዓት ስትቀርቢ ያን ሳምንት ማሽኑ ክፍት ነበር ብለሽ እንዳታነሺ። ምን ያደርግልሻል? ቴክኒሻኖቹም ሊያዳምጡሽ የፊቱን ወንበር ይዘዋል፣ እኔም ከጎናቸው ነኝ... ግን ማን ያስታውሳል? እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ካላነሱት በቀር።

ምንድነው፣ ከወዲያ ወንበር ተንቋቋ? ነፋሱ ይሆናል። ጫማውም ሄደ መሰለኝ... የለም፣ በሩ ጋ ቆሟል።

በይ ተነሽ፣ ይቅናሽ። ለሳቸውም ልመርቅ፤ እንደ ልጄ ነው የማያቸው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ፣ አንድ ቀን እውነተኛው ማሽን ላይ ለመሥራት ያብቃቸው። አሜን በይ እንጂ... ጠንከር አድርገሽ፣ ይሰማ።