አንገቷን የደፋች ሙሽራ

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት፣ ወይዘሮ ፈለቀች ቦሌ ሚካኤልን ተሳልመው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ከላጲሶ ፎቶ ቤት ውስጥ የሚያውቁት ሳቅ ሰሙ። ሳቁ የልጃቸው የአልጣሽ ነበር። አልጣሽ ግን በዚያ ሰዓት መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ጎልማሶችን ፊደል ማስቆጠር ነበረባት። ወይዘሮ ፈለቀች ልባቸው ደግ ነው፤ ትዕግሥት ግን አልተፈጠረባቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን ገፉት።

አልጣሽ ዱካ ላይ በጎን ተቀምጣለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ወደ ጣሪያው አንሥታ፣ «እንዲህስ?» ትላለች። ፎቶ አንሺው ላጲሶ ራሱን ይነቀንቃል። ጠረጴዛው ላይ ከመጽሔት የተቀደዱ የሙሽሮች ሥዕሎች ተበትነዋል።

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች። «ምን እየሆንሽ ነው?»

አልጣሽ ብድግ አለች። «እማዬ! እንኳን መጡ። ለሠርጌ ፎቶግራፍ የሚሆን አቀማመጥ እየፈለግን ነው። ከጧት ጀምሮ አንዱም አልሆን አለን።»

«መቀመጥ ምን ፍለጋ ያሻዋል? ዱካው ይኸው፣ አንቺም ይኸው። ቁጭ ማለት ነው!»

ላጲሶ ከሆሳዕና መጥቶ ሙያውን ከተማ ውስጥ የተማረ፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ሰው አክባሪ ጎልማሳ ነው። ወንበር አቀረበላቸውና በትሕትና ጎንበስ አለ። «እትዬ ፈለቀች፣ እባክዎ አረፍ ይበሉ። ነገሩ ቁጭ ማለቱ ብቻ አይደለም። ፎቶግራፍ ሰውየው በሌለበት ቦታ ሰውየውን ተክቶ የሚቆም ነው። ስለዚህ እሱን መምሰል አለበት።»

«እና እኔ ያሳደግኋት ልጅ እጇን ወገቧ ላይ ሰክታ ጣሪያ የምታይ ናት?»

«ያንንማ አቀማመጥ እኔም አልወደድኩትም» አለ ላጲሶ።

ወይዘሮ ፈለቀች ከጠረጴዛው አንዱን ሥዕል አነሡ። ሣር ላይ የተጋደመች የውጭ አገር ሙሽራ ናት። «ይቺስ? ታማ ነው?»

«እሱን አልሞከርንም፣ እማዬ» አለች አልጣሽ እየሳቀች። «ስልኩን ግን ሞክረናል። ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ…»

«ቤታችን ስልክ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልታወሪ ነው?» ሥዕሉን ወረወሩት። «ስሚኝ ልጄ። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች። ዓይኗን ትሰብራለች። ጥርሷን አታሳይም። ጥርሷን ያሳየች እናቷን ትታ ለመሄድ የቸኮለች ናት ይሏታል። ደግሞም የሰው ዓይን ክፉ ነው። አለቀ፣ ተናግሬያለሁ!»

«እማዬ፣ ቢቆጡኝም ልናገር» አለች አልጣሽ። «የማስተምራቸው እናቶች መጀመሪያ ጣቢያው የመጡ ጊዜ፣ ስማችሁ ማነው ሲባሉ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ጨዋነት ነው ብዬ ባልፋቸው ኖሮ ዛሬ ስማቸውን አይጽፉም። ቀና በሉ፣ ሰሌዳውን እዩ አልኳቸው። ጨዋነታቸው የት ሄደ? ያው እንዳለ ነው።»

«ሰሌዳና ሠርግ አንድ ነው?»

«አንድ አይደለም። ግን ጨዋነት ያለው አንገት ላይ ከሆነ፣ አንገቷን ያመማት ሁሉ ጨዋ ናት ማለት ነው።»

«ይቺን ምላስ ካሳዬ ጉድ ይላታል!» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች ወደ ላጲሶ ዞረው። ካሳዬ የአልጣሽ እጮኛ ነው። «አንተም ተማርኩ ትላለህ፤ ዕድሜዋን ሙሉ የማታውቀውን ሁሉ ታስይዛታለህ።»

«እትዬ፣ በዚህ እንኳ ከርስዎ ጋር ነኝ» አለ ላጲሶ። «የመጽሔቱ አቀማመጥ ለእሷ የተዋሰችው ጫማ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። እዚህ የሚመጡት ሙሽሮች ሁሉ በእናቶቻቸው ትእዛዝ አንገት ይደፋሉ፣ ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ እጃቸውን ከዚያው ከላስቲክ አበባዬ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ የማነሣው ቬሎውን እንጂ ልጅቱን አይደለም።»

ልማድ ክፉ ሆኖ አይደለም ሰውን የሚያስቸግረው። ምክንያቱን ማንም ሳይጠይቀው ዘመን ስለሚሻገር ነው። ወይዘሮ ፈለቀችም ምክንያቱን እንዲናገሩ ቢጠየቁ ኖሮ ይቸገሩ ነበር፤ ስለዚህ በቃል ከመከራከር ማስረጃ ማቅረብ መረጡ።

«ቆዩ! መብራትን አመጣላችኋለሁ። ያኔ አፋችሁን ትይዛላችሁ» ብለው ወጡ።

መብራት ትልቋ ልጃቸው ናት። ባለፈው ጥር ተድራ ከባሏ ጋር አሰብ ወርዳለች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። የፎቶ ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ ከሠርጓ የወጣው ትልቅ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ወይዘሮ ፈለቀች አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍነው ከቁም ሣጥኑ በላይ ሰቅለውታል። ጧት ጧት «እንደምን አደርሽ፣ እናቴ» ይሉታል። እንግዳ ሲመጣ «አያችሁ የጨዋ ልጅ?» ይላሉ።

ፎቶግራፉን በነጠላ አቅፈው ተመለሱና ለአልጣሽ ሰጧት። «ይኸው! እንደዚህ ሁኚ።»

አልጣሽ ላስቲኩን ገልጣ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ቀስ በቀስ ፈገግታዋ ጠፋ።

«እማዬ፣ መብራት በልጅነቷ የግቢው በር የቆረጣት ጣት የዚህኛው እጇ አይደለም እንዴ?»

«ነዋ። ላጲሶ እግዜር ይስጠው፣ አሳምሮ ሞላላት። ዓመት ሙሉ የምመርቀው ለምን ይመስልሻል?»

ላጲሶ ፎቶግራፉን ተቀብሎ አየ። «እትዬ ፈለቀች፣ እኔ ብጉር በእርሳስ አጠፋለሁ፤ ጣት ግን አላበቅልም።»

«ምን ልትል ነው?»

«ይቺ መብራት አይደለችም።»

«የወለድኳትን አላውቅም? አምጣ ወዲህ!» ነጥቀው አዩት፤ አራቁት፤ አቀረቡት። ነገር ግን ምን ይታያል? የቬሎው ዳንቴል ግንባሯን ሸፍኖታል። ሽፋሽፍቶቿ ተከድነዋል። አገጯ ደረቷ ውስጥ ገብቷል። «አፍንጫዋን ካሜራው አሳጠረው እል ነበር» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። ወዲያው ግን ጮኹ፤ «ታዲያ ዓመት ሙሉ እንደምን አደርሽ ስል የኖርኩት ማንን ነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ላጲሶ። «ያን ዕለት ሁለት ሙሽሮች አነሣሁ። ሌላይቱ የቡልቡላው የአቶ ሆርዶፋ ልጅ ደሪቱ ናት። ሁለቱም የኔኑ ቬሎ ተከራይተው፣ አንድ ዓይነት ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት አቀርቅረው ነበር። ሳድል ተለዋወጡብኝ።»

የዚያን ዕለት ወይዘሮ ፈለቀች ላጲሶን ያላሉት ነገር የለም። እሱም ፎቶግራፎቹን ለየባለቤቶቻቸው ሊመልስ ቃል ገባ።

በማግስቱ ሦስቱም የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ይዘው ወደ ቡልቡላ በእግር ወረዱ። ወይዘሮ ፈለቀች በመንገዱ ተማረሩ፣ በአቧራው ተማረሩ፣ ከራሳቸው በላይ እያጓራ ባለፈው አውሮፕላን ተማረሩ። አቶ ሆርዶፋ ከእርሻ ገብተው እግራቸውን ሲታጠቡ አገኟቸው። ሽማግሌው ገና ማን ናችሁ ሳይሉ፣ «ግቡ፣ እንግዳ በር ላይ አይቆምም» አሉ።

ወይዘሮ ፈለቀች ቀድመው ገቡ። ከግድግዳው ላይ መብራት አለች። አሁን ለይተው ሲያዩ እሷው ናት፤ ጣቷ ጎዶሎ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ። በፎቶግራፉ ዙሪያ ግን ጥቁር ጨርቅ ታስሯል።

«ልጄን!» ብለው ጮኹ። «ልጄን በቁሟ! ማነው ጥቁር ያሰረባት? ምን ሰምታችሁ ነው?»

አልጣሽ ደግፋ ያዘቻቸው። ላጲሶ እየተንተባተበ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳ። አቶ ሆርዶፋ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«አይዞዎት፣ እመቤቴ። የርስዎ ልጅ ደኅና ናት። የሞተችው የኔ ደሪቱ ናት። በጥቅምት በወሊድ አረፈች።» ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «እኔ ይህን ሥዕል ሳየው ልቤ ይጠራጠር ነበር። ለሚስቴ፣ ልጃችን አትመስለኝም ብላት፣ ኀዘን ዓይንህን ጋርዶት ነው አለችኝ። እሺ ብዬ ተውኩት። ግን እሷን እያየሁ ላልቅስ ስል እንባዬ እምቢ ይለኝ ነበር።»

ላጲሶ የደሪቱን ፎቶግራፍ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሽማግሌው ተነሥተው ወደ በሩ ወሰዱት። ጣታቸውን በፎቶግራፉ ላይ አሳለፉ።

«እጇ ነው። ይኸው፣ እጇ።» ጎንበስ ብለው ከታች በኩል ሊያዩት ሞከሩ፤ ልክ አንገቷን የደፋች ልጅ ፊት ለማየት አባት ዝቅ እንደሚለው። «ፊቷ ግን አይታየኝም። ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ ቀና ልታደርጋት ትችላለህ?»

«አይቻልም፣ አባባ» አለ ላጲሶ። «የተነሣችው እንዲሁ ነው።»

«ዓይኗን ነበር የምፈልገው። የናቴ ዓይን ነበራት።»

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ፈለቀች ሄደው ጥቁሩን ጨርቅ ከመብራት ላይ በገዛ እጃቸው ፈቱት። በደሪቱ ፎቶግራፍ ላይ ግን ሊያስሩት አልቻሉም። ጨርቁን እንደያዙ እንባቸው ወረደ።

«አቶ ሆርዶፋ፣ አንድ ነገር ይወቁልኝ። ልጅዎን ዓመቱን ሙሉ፣ ጧት ሳልጠይቃት የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ ቤት ብቻዋን አልነበረችም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ሽማግሌው፤ ያን ጊዜ አለቀሱ።

የመብራትን ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ ፈለቀች በድንገት ቆሙ።

«ላጲሶ!»

«አቤት፣ እትዬ?»

«ይቺን ልጅ ቀና አድርገህ አንሣት። ዓይኗ ካልታየ ሳንቲም አታገኝም!»

«እሺ፣ እትዬ። ጥርሷስ?»

«ጥርሷን…» አሉና ተከዙ። «ጥርሱንስ ለኔ ብትሰበስበው?»

«እማዬ» አለች አልጣሽ፣ «አሰብ ካለችው ከመብራት የሚናፍቅዎ ምኗ ነው?»

«ሳቋ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች። የተናገሩትን ሲሰሙት በራሳቸው ተናደዱና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የፎቶው ቀን ደረሰ። አልጣሽ ቬሎዋን ለብሳ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ቀናም አለች። ነገር ግን ቀና ስትል ወታደር መሰለች።

«ሰልፍ ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች ከካሜራው ኋላ ሆነው። «ትከሻሽን አውርጂ! ኧረ እንደዚያ አይደለም፣ ተንሸዋረርሽ! እጅሽን ምን አድርጊው አልኩሽ?»

«የትኛውን እጅ፣ እማዬ?»

«ሁለቱንም! ዓይንሽን አታፍጥጪ! ደግሞ አሁን አንገትሽን ደፋሽው!»

ላጲሶ የቀረው ፊልም ጥቂት ነበርና ጨነቀው። «እትዬ፣ ትንሽ ብንተዋት?»

«ምኑን ልተዋት! ኧረ አንቺ ልጅ፣ በስንቱ ልቃጠል? ቤት ውስጥ እንደምትሆኚው መሆን አቃተሽ?»

አልጣሽ እናቷ ሲቆጧት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ፊቷን ወደ እሳቸው መለሰች። ፊደል ስታስቆጥር እንደምታደርገው ጣቷን በቀስታ አነሣች። «እማዬ፣ ይስሙኝ…» ልትል አፏን ስትከፍት ሳቋ መጣ። ላጲሶም በዚያች ቅጽበት አነሣት።

«ምነው ሳልነግርህ ቀጭ አደረግከው?» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ፈለቀች።

«አገኘነው፣ እትዬ» አለ ላጲሶ። «ከመጽሔት ስንፈልገው የከረምነውን እርስዎ በቁጣ አወጡት።»

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አልጣሽ ነበረች፤ ሌላ ማንም ልትሆን አትችልም።

ከሠርጉ በኋላ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ሊጠይቁ መጡ። እሳቸውም ከፋሲካ በኋላ የሚድሯት ልጅ አለቻቸው። ፎቶግራፉን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ፈለቀች፣ ጥርሷ ይታያል እኮ።»

«ይታያል! የራሷ ጥርስ ነው፣ የተዋሰችው አይደለም።»

«ነውር አይሆንም ወይ? ሰው ምን ይላል?»

ወይዘሮ ፈለቀች ራሳቸውን ያዙ። ባለፈው ወር እሳቸው የተናገሩትን ሰው መልሶ ሲነግራቸው እንዲህ እንደሚያናድድ አያውቁም ነበር። ቢሆንም ድምፃቸውን አለዘቡ።

«ዘርፌ፣ ልጅሽ ነገ ሩቅ አገር ትሄዳለች። ስትናፍቅሽ ቬሎዋን ልታዪ ነው? ልጆቿ ሲያድጉ እናታችን ሙሽራ ሳለች ምን ትመስል ነበር ቢሉሽ ጸጉሯን ልታሳዪ ነው? ያ አይምጣ እንጂ ክፉ ቀንም አለ። ቡልቡላ አንድ አባት የልጁን ፊት ፍለጋ ፎቶግራፍ ሥር አጎንብሶ አይቻለሁ። ጨዋነቷን በኑሮዋ ታሳያለች፤ ፊቷን ግን ለእኛ ትተውልን። እንደ ፈረንጇ ትጋደም አላልኩሽም። የሌላ ሙሽራ አቀማመጥም ተውሰሽ አታምጪላት። ልጅሽ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለች? ስትናገር እንዴት ትሆናለች? እሱን እወቂና ለላጲሶ ንገሪው።»

ወይዘሮ ዘርፌ ጥቂት አሰቡ። «እኔ እንጃ» አሉ፤ «እሷ ስታወራ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች።»

«በይ፣ ነጠላዋን አስይዣት!»

የዘርፌ ልጅም ከፋሲካ በኋላ የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች ቀና ብላ ተነሣች። ላጲሶ የላስቲኩን አበባ አስወገደ፤ የእናቶቹን ፈቃድ እየጠየቀም የየሙሽራይቱን ፎቶግራፍ መስኮቱ ላይ መስቀል ጀመረ። ቀድሞ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው «ሙሽራ ናት» ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ቆም ይልና በየስማቸው ይጠራቸዋል።