ሽቦው ያለፈበት ቦታ፦ አቶ አሳምነው ስለ አንዳርጌ የሰጡት ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ አሽዶድ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የምርመራ ክፍል
ቀን፦ ሰኞ፣ ሜይ 23 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.፣ ጠዋት
የምስክሩ ስም፦ አሳምነው ተካልኝ
ዕድሜ፦ 66
አድራሻ፦ አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የወደብ ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ኦዴያ ንብረት
ጉዳዩ፦ በአቶ ጋቢ ላይ ደረሰ የተባለ የአካል ጉዳት

ስሜ ከላይ የተጻፈው እኔ ምስክሩ፣ የማውቀውን እንዳልደብቅ፣ የማላውቀውን እንዳልጨምር፣ ይህን ብተላለፍ ሕግ እንደሚጠይቀኝ በአማርኛ ተነግሮኝ ገብቶኛል። መርማሪዋ ውሃ አቅርባልኝ «አባቴ፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» ስላለችኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ቤቴ ብዙ የሚያወራኝ ሰው ስለሌለ ነገር ባስረዝም እንዳይታዘቡኝ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ።

በሽቦ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን አለኝ። መርማሪዋ ድሮን እንደሆነ ጠይቃኝ አይደለም ብያለሁ። ድሮን ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያበረው ነው። የእኔው በሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች እጄ ላይ ካለው እጀታ ጋር የታሰረ ነው። እኔ መካከል እቆማለሁ፤ እሱ ዙሪያዬን ይበራል፤ እኔም ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል አብሬው እዞራለሁ። እጀታውን ወዲያና ወዲህ ሳዘነብል ይወጣል፣ ይወርዳል። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ቁም ቢሉት አይቆምም።

ይህን ያስተማረኝ ወደብ አብሮኝ ይሠራ የነበረ፣ ከሩሲያ የመጣ ሰው ነው። እሱ ከሞተ ቆየ። ባለቤቴ ዓባይነሽ በሕይወት ሳለች ሥራዬን በረንዳ ላይ ነበር የምሠራው፤ የነዳጁ ሽታ፣ በተለይ በውስጡ ያለው የጉሎ ዘይት፣ ራሷን ያማት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የምግብ ጠረጴዛው ላይ እሠራለሁ። ክንፉ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። እኔ ቆሜ እበላለሁ። ልጄ ኦፌክ ሰሜን ነው የምትኖረው፤ ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ትደውላለች። ሌላው ቀን ሬዲዮ ነው።

ይህ ጨዋታ ለብቸኛ ሰው የተሠራ አይደለም። እኔ እጀታውን ይዤ መካከል ስቆም፣ ሌላ ሰው ሽቦው ጫፍ ላይ አውሮፕላኑን ከጭራው ይዞ፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ምልክት ስሰጠው መልቀቅ አለበት። ሰው ስላልነበረኝ መሬት ላይ ችንካር ተክዬ አውሮፕላኑን በሲባጎ አስር ነበር። ሲባጎው ባልፈለግሁት ሰዓት እየተፈታ ሁለት አውሮፕላን ሰብሬያለሁ። አንዳንዴም መንገደኛ እለምናለሁ፤ ሰው ይቸኩላል።

ተጠርጣሪው አንዳርጌ ከሦስት ዓመት በፊት ሜዳው ዳር ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ቀርቦ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ነገር በሽቦ ያሰሯት እንዳትጠፋብዎ ነው?» አለኝ። «እኔ እንዳልጠፋ ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ጠዋት እየመጣ ይለቅልኛል። ተንኮለኛ አፍ አለው። «እንደ አውድማ በሬ ሲዞሩ ዋሉ፣ እህሉ የታል?» ይለኛል። ስንጨርስ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በልተን እሱ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ፣ እኔም ወደ ቤቴ። የእሱ ሕንፃ ከእኔ ፊት ለፊት ነው፤ መስኮት ለመስኮት ነን። ሌላ ጓደኛ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ የለኝም ብያለሁ።

ነገሩ የደረሰው ዓርብ፣ ሜይ 13 ቀን፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በዚህ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከሰፈራችን ከሮቫ ዩድ-አሌፍ ጫፍ ባለው ባዶ ሜዳ ነው። ነፋሱ ከባሕር ይመጣ ነበር። አንዳርጌ አውሮፕላኑን ለቅቆ ከክቡ ውጭ ካለችው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ያየሁትን ስናገር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሚያበር ሰው ዓለምን በዙር ነው የሚያየው። ከአውሮፕላኑ ጀርባ ያለው ሁሉ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ አንድ ዙር እስኪሞላ ከኋላዬ የሚሆነውን አላውቅም። ዞር ብዬ ልይ ብል ራሴ ዞሮ እወድቃለሁ።

አቶ ጋቢን መጀመሪያ ያየሁት በእግረኛ መንገዱ ላይ፣ በሩቁ፣ ውሻውን ይዞ ነው። በሰፈሩ የማያውቀው የለም፤ ውሻውን ከሰው ይልቅ የሚያነጋግር፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ነበረው፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ስመጣ ውሻው መንገዱን ትቶ ወደ ሜዳው እየጎተተው፣ እግሩ የክቡ ጠርዝ ላይ ደርሷል። አንዳርጌ ከወንበሩ ተነስቶ እጁን እያወናጨፈ አፉን ከፍቷል፤ በሞተሩ ጩኸት ድምፁን አልሰማሁም። እኔም ጮኬ ነበር። መርማሪዋ አውሮፕላኑን ለምን ከፍ እንዳላደረግሁ ጠይቃኛለች። በዚያ ነፋስ ከፍ ባደርገው ሽቦው ይላላል፤ የላላ ሽቦ አውሮፕላን አይታዘዝም፤ ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። አጥብቄ መያዝ ብቻ ነበር የምችለው። ከዚያ ጀርባዬ ወደነሱ ሆነ።

በሦስተኛው ዙር ስመለስ ሁለቱም መሬት ላይ ነበሩ፤ አንዳርጌ ከላይ፣ ጋቢ ከታች። ሽቦው በላያቸው አለፈ።

ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ ሲያርፍ እጀታውን ጥዬ ሮጥኩ። ጋቢ የእጁን አንጓ ይዞ ውሻውን ይሰድባል። «አንተ ነህ! አንተ ነህ የጎተትከኝ!» ይለዋል። ውሻው ጅራቱን ይቆላል። አንዳርጌ ደግፎ ሲያነሳው ጋቢ «ቶዳ፣ ቶዳ» ብሎ አመሰገነው። እኔ ነገሩን ላስረዳ ብል በድንጋጤ ዕብራይስጡ ጠፋብኝ። የሰፈር ሰው በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው። አንዳርጌ አፈሩን ከሱሪው እያራገፈ፣ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት። ውሻው አይደለም። አጥንቱ ሳይሰበር አልቀረም» አለኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ። በእኛ ደንብ ሰው በእጅህ ወድቆ ከተጎዳ፣ ጥፋት ኖረህም አልኖረህም፣ ነገሩ ሳያድር ሽማግሌ አስቀድመህ ደጁ ትሄዳለህ። ጎንበስ ብለህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ምክንያትህን አትደረድርም፤ ምክንያት መደርደር ክርክር ነው፣ ይቅርታውን ያበላሸዋል። የተጎዳው ሰው «ተነስ» ሲልህ፣ ያኔ ሁሉም ይነገራል፣ ይሳቃልም።

ሰንበት ስለገባ እሑድ ማታ ወደ ጋቢ ቤት ሄድን። ሽማግሌው እኔ ነበርኩ። ብርቱካን ይዘናል። ጋቢ እጁ በጄሶ ታስሮ በሩን ከፈተ። አንዳርጌ ከደጃፉ ጎንበስ ብሎ፣ «እኔ ነኝ የጣልኩህ። ይቅር በለኝ» አለው በዕብራይስጥ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ደንቡን ስለማውቅ ዝም አልኩ፤ «ተነስ» እስኪለው ነበር የምጠብቀው።

ጋቢ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ብርቱካኑን አየ። «አንተ ነህ? ሆን ብለህ?» አለው። አንዳርጌ «አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። ይቅር በለኝ» አለ። በሩ ተዘጋ። ብርቱካኑን ከደጁ አስቀምጠን ወረድን። ደረጃው ላይ አንዳርጌ፣ «ጋሼ፣ ‹ተነስ› አላለኝም እኮ» አለኝ። «ይላል፣ ትንሽ ይቆይ» አልኩት። በማግሥቱ ጋቢ እዚህ መጥቶ ከሰሰ።

መርማሪዋ፣ ጥፋት የሌለበት ሰው ለምን ይቅርታ ይጠይቃል ተብሎ በአለቆቿ እንደተጠየቀ ነግራኛለች። መልሴ ከላይ ያለው ነው። ጋቢንም አልቀየመውም፤ ማንም ሰው ደጁ መጥቶ ሆን ብዬ ጣልኩህ ቢለው የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

አንዳርጌ የትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነው፤ ሾሜር። ቲክ፣ ማለት የፖሊስ መዝገብ፣ ስለተከፈተበት የጥበቃ ፈቃዱ ተይዟል፤ ቢፈረድበት ጭራሹን ያጣዋል፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ ሥራ ማን ይሰጠዋል? ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሄጄ ሚስቱ እናኑ በሩን ከፈተችና፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ምክር ይዘው መጡ?» አለችኝ። እሱ ከውስጥ «እናኑ፣ ተይ እንጂ» ሲል ሰማሁት፤ ግን አልወጣም። እኔም አልገባሁም። ባለፈው ዓርብ ሜዳ አልሄድኩም። አውሮፕላኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሞተሩን በጨርቅ ስወለውል ዋልኩ።

አንዳርጌ ሲገፋው በዓይኔ አይቼ እንደሆነ ተጠይቄያለሁ። አላየሁም። ልጄ ኦፌክ በስልክ፣ «አባ፣ ፓሹት፣ በቃ፣ አይቻለሁ በላቸው፣ አዳነው በላቸው፣ ገማርኑ፣ አለቀ!» ብላኝ ነበር። ያላየሁትን አየሁ አልልም፤ በጀርባዬ እንደማላይ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ የቀረው ቃሌም ይጣላል፣ አንዳርጌም አብሮ ይጣላል።

ነገር ግን እጄ የሚያውቀው አለ። ሽቦው ከእኔ ደረት ተነስቶ አውሮፕላኑ ጋ ሲደርስ በቆመ ሰው አንገት ልክ ነበር። በሁለተኛው ዙር ጋቢ ጠርዙ ላይ እየገባ ነበር። በሦስተኛው ዙር ሽቦው በዚያው ቦታ አለፈ። ሽቦው የሣር ጫፍ እንኳ ቢነካ እጀታው ይንቀጠቀጣል፤ ወፍ የነካው ቀን መዳፌ ድረስ ተሰምቶኛል። ያን ዕለት ምንም አልተሰማኝም። ባዶ አየር ነበር። አንዳርጌ ባይጥለው ኖሮ እዚያ ቦታ የሚገኘው የጋቢ አንገት ነበር፤ ዛሬ የምሰጠውም ቃል ስለተሰበረ እጅ አይሆንም ነበር። መርማሪዋ እጀታውንና ሽቦውን ለምርመራ ጠይቃኝ አስረክቤያለሁ። ሜዳው ላይም ቆሜ ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ፤ አውሮፕላኑን የሚይዝልኝ ሰው ብቻ ያስፈልገኛል።

ቃሌን ስጨርስ መርማሪዋ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥታኛለች። ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ምስክርና ተጠርጣሪ መነጋገር አይችሉም፤ ከተነጋገርን ተመካክረው ነው ይባላል፣ ቃሌም ዋጋ ያጣል። ምን ያህል እንደሚቆይ ጠይቄ፣ ወራት ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኛል። «መስኮት ለመስኮት ነን እኮ ልጄ፤ በእጅ ሰላም ብንባባልስ?» ብያት፣ «እሱም አይቻልም አባቴ» ብላኛለች። ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። እሺ ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አላነጋግረውም፤ ቢደውል አላነሳም፤ በደጅ ብንገናኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

እንዲህ ሳልፍ ግን አንዳርጌ «ጋሼ ተቀይመውኛል፣ አፍረውብኛል» እንዳይል እፈራለሁ። ስለዚህ ዝም የምለው ለእሱ ስል እንደሆነ በቃሌ ውስጥ ይጻፍልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ። መርማሪዋ ይህ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ፣ ለተጠርጣሪውም ይነበብለታል ብላ ቃል ልትገባልኝ እንደማትችል ገልጻልኛለች። ቢሆንም ጽፋዋለች።

ይህ ቃል ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ተነብቦልኛል። ያየሁት እንዳየሁት፣ ያላየሁት እንዳላየሁት ተጽፏል፤ የሚነሳም የሚታከልም የለውም፤ እውነት ስለመሆኑ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አሳምነው ተካልኝ
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ኦዴያ ንብረት