ከቀለሙ ውስጥ የሚወለውለው እጅ

ወዳጆቼ፣ የምትበሉ ብሉ፤ አፋችሁ ሥራ ከያዘ እኔን አታቋርጡኝም። እርስዎ ግን ጋሼ ቀስታ፣ ማንኪያዎን ያስቀምጡና ይስሙኝ። ዛሬ የሚወለወሉት እርስዎ ነዎት።

ጋሼ ቀስታ ጋራዣችን የመጡ ቀን አለቃችን ፖሊስ ሊጠራ ነበር። ውሸት ነው በሉኛ! እኔ ቀለም ቀቢ ሆኜ ከገባሁ ቆየት ብሎ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። አለቃችን አንድ መኪና አስጠግቶ "እስቲ ሙያህን አሳየኝ" ይላቸዋል። እሳቸው ቃል ሳይተነፍሱ ሰዓታቸውን ፈቱ። ቀለበታቸውን አወለቁ። ይኼ ይሁን። ከዚያ ቀበቶአቸውን መፍታት ሲጀምሩ አለቃችን ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ሰውዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?"

"መኪናዋን ልወለውል።"

"ለመኪና ደግሞ ቀበቶ ይፈታል እንዴ?"

"የቀበቶ ብረት ቀለም ይቧጭራል" አሉ፣ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ። "ይኼ ሥራ በቀስታ ነው።"

ስማቸው በዚያው ወጣ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም።

ባለቤታቸው እትዬ አጠገባቸው ተቀምጠው እየሳቁ ነው። ያኔ ግን አልሳቁም። ጋሼ ቀለበቱን ሥራ ቦታ ረስተው ቤት በገቡ ቁጥር "መኪናዋ ስም አላት ወይስ የላትም?" ይሏቸው ነበር አሉ።

ከጋሼ ጋር የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጨርቅ መሬት ከጣላችሁ አለቀላችሁ። "ሞቷል" ይሏችኋል። "ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው የወደቀው፤ ላራግፈው" ብትሉ "የሞተ አይራገፍም" ብለው በሁለት ጣት አንስተው ቆሻሻ ውስጥ ይከቱታል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጨርቁ ላይ ከቀረች ቀለሙን ስታርስ ትውላለች ነው ነገሩ። ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና አይነኩም፤ ጥላ ውስጥ ገብታ ብረቷ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ታጥባ ከደረቀች በኋላ ደግሞ እጃቸውን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ገላዋን ይዳስሳሉ። ዓይን ያላየውን ሻካራ ያን ጊዜ ጣት ያገኘዋል። የተጨረማመተ ላሜራ የሚያቃናው ላሜሪስታችን "ዝም በሉ፣ ትርታዋን እየሰሙ ነው" ይለን ነበር።

አንድ ሌላ ልማድም አላቸው። የእጅ መብራታቸውን ከማብራታቸው በፊት "ከኋላዬ ማን አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሁላችሁም ትስቁበታላችሁ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን ከጋሼ ሌላ የምናውቀው እኔና ላሜሪስቱ ብቻ ነን። ጋሼ፣ ልናገረው? ... ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈቅደዋል።

ዝናብ ያረገዘ ከሰዓት ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ጥቁር ሰማያዊ መኪና ይዛ መጣች። አሮጌ ናት፣ ግን ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም ላይዋ ላይ ነው። ልጅቱ ወርዳ ጀርባዋን ለመኪናዋ ሰጥታ ቆመች። ስታወራን አንዴም ዞራ አላየቻትም።

"አደብዝዙልኝ" አለች።

ጋሼ የሰሙት አልመሰላቸውም። "ምን አልሽኝ ልጄ?"

"እንዳታበራ አድርጉልኝ። ምንም ነገር እንዳታሳይ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጓት፤ ደግሞ ማሳመር አያስፈልግም።"

መኪና አሳምሩልኝ የሚል እንጂ አበላሹልኝ የሚል ደንበኛ አይተን አናውቅም። ላሜሪስቱ መዶሻውን እንደያዘ ተጠጋ። ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ ወንበር አውጥተው መኪናዋ አጠገብ ይውላሉ። ምግብ አይነኩም። "ብቻውን አልተወውም" ይላሉ። ልጅቱ መጀመሪያ ሐዘን ነው ብላ ነበር። ኋላ አንድ ቀን እናቷን ልታስነሳ ጎንበስ ስትል እሷም አየች።

"ምን አየሽ?" አላት ላሜሪስቱ።

ሳትዞር በጣቷ ወደ ሾፌሩ በር አመለከተች።

ጋሼ መኪናዋን ከጣሪያው ሥር አስገቡ፤ አጠቡ፤ አደረቁ። ከዚያ መብራታቸውን አብርተው ወደ ሾፌሩ በር አዘነበሉት። በሩ ላይ ምስላችን ወጣ፦ ጋሼ፣ እኔ፣ ላሜሪስቱ፣ ልጅቱ። ከእኛ መሐል ደግሞ አንድ ሰው አለ። ጎንበስ ያለ፣ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሰውዬ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላችን ግድግዳ ብቻ ነው። ወደ በሩ ተመለስኩ፤ ሰውዬው እዚያው ነው። እጁ ይንቀሳቀሳል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ከቀለሙ ውስጥ ሆኖ፣ ከውስጥ በኩል፣ በሩን እየወለወለ ነው።

የላሜሪስቱ መዶሻ እግሩ ላይ ወደቀ። አልጮኸም። እሱ ሲያስነጥስ እንኳ ጎረቤት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ፤ ያን ዕለት ግን ድምፅ የሚባል አጣ። እኔ ከጀርባው ተደበቅኩ።

ጋሼ ቀስታ መብራቱን ትንሽ ቀና አደረጉት። ሰውዬው ጠፋ። መልሰው አዘነበሉት። መጣ።

"አባትሽ መኪናቸውን በምን ነበር የሚወለውሉት?" አሉ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው።

"በደረቅ ጨርቅ። ጠዋት ጠዋት። አቧራውን እላዩ ላይ።"

"እንዲህ እያዞሩ?"

"አዎ፣ እንደሱ።" ማልቀስ ጀመረች።

"እንግዲህ ያሉት ጭረቱ ውስጥ ነው" አሉ ጋሼ። "ደረቅ ጨርቅ አቧራ ላይ ሲዞር ከፀጉር የቀጠነ ጭረት ይተዋል። በየጠዋቱ አንድ ዙር፣ በዚያ ላይ ሌላ ዙር። መውጫው ጠፍቷቸው ነው የሚዞሩት። ብርጭቆ ወረቀት ባሳርፍበት ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፣ ከሥር ያለው ግራጫ ይቀራል። እናትሽ ግራጫ አቅፈው ይኑሩ? እኔ ቀለሙን ሳልጎዳ ጭረቱን አወጣዋለሁ፤ እሳቸውም አብረው ይወጣሉ። ግን እናትሽ ሳይሰናበቷቸው አልጀምርም። አምጫቸው።"

እናትየዋ መጡ። ከስተው ቀሚሳቸው የሰው ይመስላል። ማንንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደው አጎነበሱ። የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"ዛሬም አልደከመህም?" አሉት።

ጋሼ ወንበር ሰጧቸው፤ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡም አንድ በአንድ ነገሯቸው። ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ እንደ ሊጥ በሚታሽ የቀለም ማጽጃ ጭቃ፣ ውኃ እያራሱ አነሱ። ቀለም ቶሎ የሚሳሳበትን ጠርዙን ሁሉ በፕላስተር ሸፈኑ። ማሽን አምጣ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ "ማሽን አይሰማም፣ እጅ ይሰማል" አሉ። ከሁሉ የላመውን ፖሊሽ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ፣ ከኋላ ጎማው በላይ፣ ሞከሩ። ጠርገው በመብራት አዩ። ቀለሙ ደህና ነው። ከዚያ ወደ በሩ መጡ። ሳይጫኑ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ቀጥ አድርገው።

ያኔ ያየሁትን ላሜሪስቱም አይቷል፤ እዚያ ጥግ ተቀምጧል፣ ጠይቁት። የጋሼ እጅ ከውጭ፣ የሰውዬው እጅ ከውስጥ፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጠሙ። አንዱ በቀጥታ ይሄዳል፣ ሌላው ይዞራል። እንደሚታገሉ። የጋሼ እስትንፋስ እንደ ጉም ሲወጣ አየሁ፤ እኔ ግን ቆሜ ያልበኝ ነበር።

"ክንዴ በረደኝ" አሉ። ግን አልተዉም። ወደ በሩ ጠጋ ብለው "በቀስታ፣ ወንድሜ" አሉት። "እንዳንጎዳት።"

የሰውዬው እጅ ቆመ። ከዚያ መዞሩን ተወና እንደ ጋሼ እጅ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። እናትየዋ ከወንበራቸው ተነሱ።

አንዱ በር ሲጠራ ሰውዬው ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከበር ወደ በር፣ ከዚያ ጣሪያው፣ ከዚያ ኮፈኑ። ጋሼ ይከተሉታል፤ አንዳንዴም እሱ ቀድሞ ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ብቻ ቀረ። ሰውዬው እዚያ ቆሟል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ።

ጋሼ ንጹሕ ጨርቅ አጥፈው ለእናትየዋ ሰጡ። "ይቺን እርስዎ ይጨርሷት።"

"ያመዋል?"

"በቀስታ ከሆነ አያምም።"

እናትየዋ ወለወሉ። አልተጫኑም። የሚሉትን ነገር ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚያውቀው። ጨርቁን ሲያነሱ ጋሼ መብራቱን አዘነበሉ። እኛ ብቻ ነበርን። እያንዳንዳችንን ቆጠርኩ፤ ጭማሪ የለም። ቀለሙ እንደ ጉድጓድ ውኃ ጥልቅ ሆኖ፣ አንድ ጭረት የለበትም።

ከዚያ ጋሼ የመኪና ሰም ስስ አድርገው ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቀው በሌላ ጨርቅ ጠረጉ። እናትየዋ "ይኼስ ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። "ፖሊሹ የማይሆነውን አወጣ፤ ሰሙ ደግሞ የቀረውን ይጠብቅልዎታል" አሏቸው። እናትየዋ ምን አሉ መሰላችሁ? "እንግዲያው ራበኝ።" ልጅቱ እየሳቀች ነው ያለቀሰችው። ዛሬ እኚያ እናት መንጃ ፈቃድ አውጥተው ያቺኑ መኪና ራሳቸው ይነዷታል። ማርሽ ሲቀይሩ የሚያሰሙት ድምፅ ካስደነገጣችሁ፣ እሳቸው ናቸው፣ አትፍሩ።

ታዲያ ዛሬ ጋሼን ስትጨብጡ ቀኝ እጃቸው ለምን እንደቀዘቀዘ አትጠይቋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሞቀም። ሐኪም አየው፣ ምንም አላገኘም። ለእትዬ አንዴ ባዝንላቸው "ተወው ባክህ፣ በሙቀት ጊዜ ግንባሬ ላይ አደርገዋለሁ" አሉኝ።

ጋሼ፣ ቀልዱን ልተወው።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ሥራ ስመለስ የቀለም መርጫውን መያዝ አልቻልኩም ነበር። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሁሉ "አይዞህ፣ በርታ" ይለኝ ነበር፤ ቸኩሎ። እርስዎ ምንም አላሉኝም። በየቀኑ ሥራዎን ጥለው መጥተው አጠገቤ ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን እጄ ጸና። ያን ጊዜ ብቻ "መጣህ?" ብለውኝ ወደ ሥራዎ ተመለሱ። ያችን አንዲት ቃል በልቤ ይዣታለሁ። የተጎዳ ሰው ሲገጥመኝ አጠገቡ ደፍሬ የምቆመው እርስዎ አጠገቤ ስለቆሙ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ ተነሱ፤ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ላሜሪስት፣ አንተም ተነስ፣ እግርህ ድኗል! ለጋሼ ቀስታ ረጅም ዕድሜ፣ ለእትዬ ጤና። ቤታችሁ ጎብኚ አይጣ፤ የሚጎበኛችሁም ሁሉ በበሩ አንኳኩቶ የሚገባ፣ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ሲመሽም ደህና እደሩ ብሎ በእግሩ የሚሄድ ይሁን። ለጤናችን!