ሸማኔውና ፋሽን የሚሉት ቃል

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የገጠመኝን ላጫውታችሁ፤ ምክር አለበትና ታገሡኝ።

እሑድ እዚህ ኢየሩሳሌም የሥራ ቀን ነው፤ ከኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ወጥቼ በኢትዮጵያ ጎዳና ሳዘግም፣ አንድ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው፣ አንዲት ወጣት ፊታቸው ቆማ አየሁ። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «እግዜር ያጥናዎ እሜቴ፤ ማን ሞተብዎ?» አሉኝ።

«እኅቴ፣ ጎንደር። እንዴት አወቁ?»

«የነጠላዎ ጥለት ወደ ላይ ነው። ሸማኔ ነበርኩ፤ ፈጠነ እባላለሁ። ይቺ የልጄ ልጅ ሃዳስ ናት። እስቲ ይፍረዱን! የፋሽን ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ ምዝገባው ዛሬ ያበቃል፤ ‹ካልመረቁኝ አልገባም› ትላለች። እኔ ደግሞ የትናንቱን መጣል፣ ገላን ማሳየት አልመርቅም!»

«ረጋ ይበሉ፣ አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ሃዳስ፣ አማርኛዋ እየተንገዳገደ። «ቃሉ እንዲህ አልነበረም። ሥሩ ላቲን ነው፤ ‹መሥራት› ማለት ነው። ፈረንሳዮች ‹አሠራር› አሉበት፤ እንግሊዞች ከእነሱ ወሰዱት። የልብስ ስም የሆነው ቆይቶ ነው። ፋሽን የምንልበት የዕብራይስጡ ‹ኦፍና›ም የመጣው ‹ኦፈን› ከሚለው ነው፤ መንገድ፣ ሁኔታ።»

«ይሻይ፣ ‹ስጦታ› ማለት ነው፣ የሚባል ሌባ አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። « ስም ምን ያደርጋል?»

እኔ ሳቅሁ፤ ልጅቱ አልሳቀችም።

«የእማማን ሐዘን ሳይነግሩዎ አወቁ። በምን? በአለባበሳቸው! ፋሽን ይህም ነው። እኛ ሰፈር፣ ኔቬ ያዕቆብ፣ ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ጂንስ ነው። ከእርስዎ በኋላ ይህን ማን ያውቃል? እኔ መቅደድና መስፋቱን ልማር፤ ጥለቱን እርስዎ ያስተምሩኝ።»



«የፈራሁትስ ሌላ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «አገር ቤት ሸማችንን ለብሰው ‹ቡዳ› ይሉን ነበር። ነርስ ትሁንልኝ፤ በእጇ ሥራ ማንም አይናቃት ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን መናቅ የአገራችን ነውር ነበር።

«አቶ ፈጠነ፣» አልኳቸው፣ «ንቀቱ ከሰው አፍ ወጣ እንጂ ከእጅዎ አልወጣም። ሙያውን ከቀበሩት የናቂዎቹን ፈቃድ ፈጸሙላቸው። ነርስነት ክቡር ነው፤ ስፌትም ክቡር ነው።»

ሽማግሌው ተነሥተው እጃቸውን በሃዳስ ራስ ላይ ጫኑ። «እጅሽን ይባርከው። የሠራሽው ልብስ ለባሹን ያስከብር። ከጉልበት በላይ የቆረጥሽ ዕለት ግን እኔው እቀጥለዋለሁ!»

እንግዲህ ልጆቼ፣ አዲስ ነገር ስትሰሙ ጥቅሙን ሳትመረምሩ አትሽሹ። በሥርዓት የተሠራ ልብስ ገላን ይሸፍናል፤ ባለሙያውን በላቡ ያኖራል፤ የአባቶችንም ጥበብ ከመጥፋት ያድናል።

ሊሄዱ ሲሉ ሽማግሌው ቆም አሉ። «መዝጋቢዋ የቤተሰብሽ ሙያ ምንድን ነው ብትልሽስ?»

«ሸማኔ እላለኋ።»

«ጮክ ብለሽ በይ» አሏት።