በዓል አክባሪዋ ኮሮላ

— ሄሎ … ሄሎ። ማነው? … ፀጋው? የኔ ልጅ፣ ድምፅህ ራቀብኝ እኮ። ትሰማኛለህ? … እንዴት ዋልህ? … እኔማ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ ነው እንጂ … አንተስ? ጎንደር ገባህ? … ዳባት ስትደርስ ደውል ብዬህ አልነበረም? … አምባ ጊዮርጊስ ላይስ? እኔ አያትህ እዚህ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስቁለጨለጭ ነው የዋልሁት።

— እሺ፣ ገብተሃል። ተመስገን። … ወለተ ሥላሴ፣ በደህና ገብቷል፣ መካኒኩ ሰጠኝ ጋራዥ ነው። … ሰላም ብላሃለች። ጎረቤት ናት ብላ ልታጫውተኝ መጥታ ምስር እያስለቀምኋት ነው።

— ምንድን ነው የሚደበደበው? … እንግዲያ ትንሽ ወጣ በልና አናግረኝ። … እህ፣ አሁን ይሻላል። በል ንገረኝ፣ ሰጠኝ ምን አለህ? መኪናዋ ምን ሆና ነው? … ምንም? … ምንም የላትም አለህ? ታዲያ ትናንት ወደ ዳባት የምታመላልሳቸውን አስተማሪዎች መንገድ ላይ ያስቀረች ማን ናት?

— እሱማ ልክ ነህ። አራት አስተማሪ፣ በፈተና ቀን፣ በዚያ ጭቃ፣ እስከ ዳባት በእግር … እኔ ብሆን ዳግመኛ አልሳፈርልህም። … አዎ፣ እኔማ መሳፈሩን ከተውሁ ቆየሁ። ያን ሲሊንደር ከኋላዋ ካሰርህባት ጀምሮ ውስጧ እግሬን አላስገባሁም፣ እንዳትታዘበኝ።

— አውቃለሁ። የቤንዚን ሰልፍ አንገፍግፎህ ነው ወደ ጋዝ ያስቀየርሃት። ሰልፍ ላይ ስታድር ስንቅ ስልክልህ የከረምሁት እኔው አይደለሁ? ግን ልጄ፣ ጋዝ ነው እኮ። የፋንታዬን ቤት ረሳኸው? የሲሊንደር ምድጃ ገዝታ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ አሳይታ፣ በሳምንቱ ሳትዘጋው ወደ ገበያ ወጥታ … አዎ፣ የተቃጠለው መጋረጃዋ ብቻ ነው። መጋረጃ የጀመረ እሳት ግን የት ላይ እንደሚያበቃ ማን ያውቃል? … እሺ፣ ያ የወጥ ቤት ነው፣ ይኼ የመኪና ነው። ጋዝነቱ ያው ነው።

— አላቋርጥህም፣ ቀጥል። … ጠዋት የምትነሣው በቤንዚን ነው፣ ደባርቅ ብርድ ስለሆነ። … ሞተሩ ሲሞቅላት ወደ ጋዝ ትቀይራለች። ይኼን ነግረኸኛል። … ብዙውን ቀን ደህና ትሄዳለች። … አንዳንድ ቀን ግን ጢጥ ጢጥ ትልና ጋዙን እንቢ ብላ ቤንዚኗን ትጠጣለች። ትናንት ደግሞ ቤንዚኗ በመንገድ አለቀ። … ጋዙስ? … ሙሉ ሆኖ ሳለ?

— ማን ጻፈው? … መምህር ዓለምብርሃን፣ የሒሳቡ? … ያስቸገረችባቸውን ቀናት። ሒሳብ አስተማሪ መቼም ሥራ አያጣም። እስቲ አንብብልኝ። … ሃያ አንድ። … ሃያ ሦስት። … ሃያ ሰባት። … ከዚያስ በዚህ ወር? … አምስት፣ ሰባት … ትናንት ደግሞ አሥራ ሁለት።

— እንዴ።

— ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም … አቦ፣ ሥላሴ … ትናንት ሚካኤል። ፀጋው፣ እኔ ምን ብዬህ ነበር? በበዓል ቀን ሥራ ይቅርብህ ብዬህ ነበር ወይስ አልነበረም? … መምህሩ ምን አለ? … «መኪናህ ካንተ ትሻላለች፣ በዓል ታከብራለች» አለህ? እውነቱን ነው። ሰማሽ ወለተ ሥላሴ፣ የፀጋው መኪና በዓል ታከብራለች። … አትሳቅ አንተ፣ አያስቅም። ይኼ ለአንተ የመጣ ምልክት ነው። እኔ ስናገር አልሰማ ብለህ ብረት ተናገረህ።

— ወለተ ሥላሴ ምን እንዳለች ልንገርህ? «እኛ ቅዳሴ ስንቆም እሷም ከጋዟ ትቆማለች» አለች። … አዎ እንጂ፣ በነዚህ ቀናት ሁላችንም ደወል ሲደወል ወጥተን፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ቤታችን …

— …

— አለሁ። አለሁ፣ ልጄ። … መስመሩ አልተቋረጠም። ምስሩ ተደፍቶብኝ ነው። … ወለተ ሥላሴ፣ ተይው፣ በኋላ እንለቅመዋለን። … ምን አልኸኝ? ድገምልኝ።

— ልታስነቅለው ነው? ዛሬ? … ሲሊንደሩን፣ ቱቦውን፣ ሁሉንም? … እንግዲህ … ከሆነማ … ይነቀል ስልህ ከርሜ አሁን አይነቀል ልልህ አልችልም። … አዎ፣ በቤንዚኑ ይሻልሃል። ለሰልፉ ስንቅ እልክልሃለሁ። … ደስ ብሎኛል እንጂ። ድምፄ ምን ሆነ? ጉንፋን ነው።

— ሰጠኝስ? ምን አለ ስትነግረው? … አልሰማሁህም። … ሌባ አልኸው? … ያረጀ ዕቃ ገጥመህ አታለልኸኝ አልኸው? ሠራተኞቹ እየሰሙ? … እሱስ? … መፍቻውን አነሣና መፍታት ጀመረ። … «ነቅዬ እሰጥሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ እዚህ እንዳትመጣ» አለህ። ሰጠኝ እንዲህ አለህ?

— ፀጋው፣ ሰጠኝ እኮ ከዚህ ቤት ነው ያደገው። አባቱ ወደ ዛሪማ ወርዶ በዚያው ሲቀርባቸው ከአንድ ትሪ አይደለም የበላችሁት? አንተ በወደቅህ ቁጥር የሚያለቅሰው እሱ ነበር፣ ማንኛችሁ እንደወደቃችሁ ይጠፋብኝ ነበር። … አውቃለሁ ተናድደህ እንደሆነ። … ለአስተማሪዎቹም ነግረሃቸዋል? «ጓደኛዬ ጉድ ሠራኝ» ብለህ?

— ቆይ። መፍታቱን ያቁም። … ዝም ብለህ አቁም በለው። … ምክንያቱን እነግርሃለሁ፣ መጀመሪያ መፍቻውን ያስቀምጥ። … አስቀመጠ? … እንዲህ አትዪኝ፣ ወለተ ሥላሴ፣ ልናገር ነው እኮ።

— ስማኝ፣ ልጄ። ሳትቆጣ ስማኝ። ማታ ማታ መኪናዋን ግቢ አቁመህ ፊትህን ልትታጠብ ስትገባ … እኔ እወጣለሁ። … ወደ መኪናዋ ነዋ። የኋላ ኮፈኗ ቁልፍ አይዝላትም፤ ከፍ አደርጋትና ሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለችውን ክብ መዝጊያ ወደ ቀኝ አዞራታለሁ። … ሌላ ነገር አልነካም። … በየማታው። … ካመጣሃት ሳምንት ሳይሞላት ጀምሮ።

— ምን ላድርግ? ጋዝ ተከፍቶ አያድርም። የምትተኛበት መስኮት ደግሞ ከመኪናዋ ሁለት ክንድ አይርቅም። አንተ ታንኮራፋለህ፣ እኔ ጣራ ጣራውን ሳይ ላድር? … ጠዋትማ እከፍታታለሁ። ገና አንተ ሳትነሣ። አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም። … በበዓል ቀን ግን ከቤት የምወጣው በደወል ነው፣ በጨለማ። ከቅዳሴ ስመለስ አንተ ሄደሃል። … መኪናዋ ከሄደች ደህና ናት ብዬ ነዋ። አንድ ቀን ጋዙ ቢቀርባት ምን ትሆናለች፣ ቤንዚን አላት ብዬ።

— … ፀጋው? … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ሄሎ።

— እየሳቅህ ነው ወይስ እያለቀስህ? … ለይተህ ንገረኝ። … እንግዲህ በል ሰጠኝን አቅርብልኝ። … ሥራ ላይ ቢሆንም።

— ሰጠኝ፣ ልጄ። እንዴት ዋልህ። … አዎ፣ ይመኙሻል ነኝ። … ሰማህ? ሁሉንም? … አንተው አይደለህ ያሳየኸኝ? መኪናዋን ሠርተህ ያመጣችኋት ቀን ፈራሁ ብልህ፣ እጄን ይዘህ «እማማ፣ የሚያስፈራ ነገር ከመጣ ይቺን ወደ ቀኝ ማዞር ነው» አላልኸኝም? … እኔ ዘንድማ የሚያስፈራ ነገር በየማታው ይመጣል። … አዎ። ለዚያ ነው አንተ ጋ በመጣች ቁጥር ደህና የምትሆነው፣ በአዘቦት ቀን ስለሚያመጣት ነው።

— አየህ፣ በእኔ ነው የተበደልኸው። ቅድም አስነቅለዋለሁ ሲለኝ ዝም ልለው ነበር፣ ይኼን እወቅልኝ። ያን ሲሊንደር ስለምጠላው ዝም ልል ነበር። ይቅር በለኝ፣ የኔ አባት። … አይ፣ ሳትስቅ ይቅር በለኝ። … ይቅር ይበለን።

— መዝጋቱ አይጎዳትም? … ሰማሽ ወለተ ሥላሴ፣ መዝጋቱ ክፋት የለውም አለ። … አለመናገሬ ነው ክፋቱ፣ እሺ፣ ተቀበልሁ። … በጣም አጠብቄያት ነበር? ይኼ ጣቴ ገና ጉልበት አለው ማለት ነው። … እሺ፣ ከእንግዲህ በቀስታ። ማታ እኔ እዘጋለሁ፣ ጠዋት እሱ ይከፍታል። የዘወትሩም የበዓሉም። … በል፣ ለፀጋው መልስልኝ።

— ፀጋው። ይቅርታ ጠየቅኸው? … በጥቅሻ አይሆንም። ሌባ ያልኸው በአፍህ አይደል? … ሠራተኞቹ በሰሙበት፣ እዚያው። ስልኩን አትዝጋ፣ እየሰማሁ ነው። … ጮክ በል። … እሱስ ምን አለ? … መፍቻውን ወረወረብህ? … እንኳን ሳተህ። ከሳቀማ ታርቃችኋል።

— የት ትሄዳለህ፣ ገና አልጨረስንም። አስተማሪዎቹስ? … አራቱም እኮ «ሰጠኝ አጭበረበረኝ» ስትል ሰምተዋል። እነሱ ለዳባት ይነግራሉ፣ ዳባት ለወገራ ይነግራል፣ ልጁ እንጀራው ሊቀር ነው። ነገ ጠዋት እንደተሳፈሩ፣ መኪናዋን ሳታስነሣ ትነግራቸዋለህ። … ምን ያሳፍርሃል? «አያቴ ናት» ማለት? … የእኔን ስም ልትጠብቅ ነው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ለማን አስቀምጠዋለሁ?

— እንግዲያ እኔው እነግራቸዋለሁ። … እዚያው መኪናዋ ውስጥ ነዋ። … እገባለሁ። … አዎ፣ እገባለሁ አልሁህ። ወለተ ሥላሴ፣ አፍሽን ዝጊ፣ ዝንብ ይገባል። … እስከ ዳባት። ስታወርዳቸው ትመልሰኛለህ። … አስተማሪዎቹ ይጠጋጉ። እንኳን ለቀጫጭን ሰዎች፣ ለወፍራምም ይበቃል። … እንዴት በቤንዚን? ጋዙ ካልሠራማ ምን ብለው ነው የሚያምኑኝ? በጋዙ ነው የምንሄደው።

— አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከሲሊንደሩ የራቀው ወንበር የትኛው ነው? … ከፊት፣ ካንተ ጎን። … ማን ነው እዚያ የሚቀመጠው? … መምህር ዓለምብርሃን። እንግዲያ ለነገ ወደ ኋላ ይሂድልኝ። በል፣ ደህና ዋል።