እማማ ጥሩነሽ የሳሟት ጻድቅ

ጠዋት ሥዕል አስተምራለሁ፤ ከሰዓት ማስተርሴን በኢንተርኔት እማራለሁ፤ በተረፈችኝ ሰዓት ደብረ ታቦር በተከራየኋት ክፍል እሥላለሁ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ የመመረቂያ ሥዕሌን ለመምህሬ በስልክ ካሜራ እያሳየሁ ነው። ነጠላ የተከናነበች ሴት ናት፤ ዙሪያዋን ወርቅማ ቀብቼዋለሁ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። አከራዬ እማማ ጥሩነሽ ድንገት ገቡ። ሥዕሉን ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሦስቴ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሟት! ክው አልሁ። መምህሬ በስልኩ "ኧረ አስቁሚያቸው!" ይላል።

እማማ ከንፈራቸው ቀለም እንደነካው ዞር አሉና፣ "ይችን ጻድቅ አላውቃትም። ማን ትባላለች ልጄ?" አሉኝ።

ምን ብዬ ልንገራቸው? ሳያውቁ በመስኮት እያየሁ የሣልሁት እርሳቸውን ነበር።